የልጅ ነገ የማን ነው?

ኳስ ሜዳ ባለበት ሁሉ ከተጫዋቹ ይልቅ ተንባዩ ይበዛል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ሃና ማርያም፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ልጆች በሚራወጡበት ሜዳ ዳር የሚቆመውን ሰው ልብ ብሎ ለተመለከተ ይህ የተሰወረ ነገር አይደለም። አንዱ እጁን ኪሱ ከትቶ «ያ ግራኙ ልጅ ክለብ ሳይገባ አይቀርም» ይላል። ሌላው «ረጅሙ ተከላካይ ዘንድሮ ካልፈረመ ምን አለ በሉኝ» ብሎ ይወራረዳል። ሦስተኛው ደግሞ ስለ አንዱ ልጅ ራሱን ነቅንቆ «ይኼ እንኳ አይሆንም፤ አጥንቱ ቀጭን ነው» ሲል ይደመድማል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ገመድ የሌለውን መገናኛ የሚያስታውስ ነው፤ የሜዳ ዳር ወሬም እንደ ስሙ ያለ ገመድ ይጓዛል። ማታ ልጁ ቤቱ ሲገባ ነገው ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል።

እኔም የዚሁ አካባቢ ነዋሪ እንደ መሆኔ ይህን ትንበያ ስሰማ ኖሬአለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ ነው። ከጨዋታነቱ ባሻገር ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ለመሆኑ ስለ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ነገ አፍን ሞልቶ መናገር መብት ነውን? መብት ከሆነስ ከመብቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ዕዳ የለበትምን?

ትንበያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «ነገ ይዘንባል» ያለ ሰው ቢሳሳት የሚቀየመው በከንቱ ዣንጥላ ተሸክሞ የዋለው ሰው ብቻ ነው። ዝናቡ የተባለለትን አይሰማም፤ አይኮራም፣ አያፍርም፣ መንገዱንም አይለውጥም። ልጅ ግን ይሰማል። «ይሆናል» የተባለው ልጅ ኳስ ሲደርሰው ደረቱን ነፍቶ ይቀበላል፤ አብዶ ለመሥራትም ይደፍራል። «አይሆንም» የተባለው ግን ኳሱን ገና ሳይቆጣጠረው ለሌላ ለማቀበል ይጣደፋል። ስለዚህ ስለ ልጅ የሚነገር ቃል የልጁን ነገ ከሚሠሩት እጆች አንዱ ሆኖ ያርፈዋል።

አባቶቻችን «የአርባ ቀን ዕድል» ይላሉ፤ የሰው ዕጣ ገና በ40ኛው ቀኑ ተቆርጦ ያድራል ለማለት ነው። ዛሬ የተማረው የከተማ ሰው በዚህ አባባል ፈገግ ይላል። ይሁን እንጂ ያው ሰው ሰዓት በእጁ ይዞ የልጆች ሩጫ ከለካ በኋላ ስለ 13 ዓመት ልጅ ተመሳሳዩን ፍርድ ሲሰጥ አይሰቀጥጠውም። ልዩነቱ ቢኖር ከ40 ቀን ወደ 13 ዓመት መራዘሙና ዕጣ ቆራጩ ከሰማይ ወደ ሜዳ ዳር መውረዱ ነው። ሰማይ የቆረጠውን ዕጣ ቢያንስ ማንም አስቀድሞ አያነብበውም ነበር፤ ይኼኛው ግን በልጁ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል።

እስቲ ይህን ሥራ ሀብትና ጥበብ አፍስሰው የሚሠሩትን ደግሞ እንመልከት። አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት፣ እኛ ብናየው ግን ከኳስ ይልቅ ትግል የሚመስለን ጨዋታ አላቸው። በዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚጫወቱትን ወጣቶች ታላላቆቹ ክለቦች በየዓመቱ ተራ ገብተው ይመርጧቸዋል፤ ደካማ ውጤት ያስመዘገበው ክለብ ቀድሞ እንዲመርጥ ሥርዓቱ ይፈቅድለታል። ማን ማንን ይወስዳል ብሎ መገመት እዚያ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የወጣቱ ቁመትና ክብደት፣ ፍጥነቱ፣ የመዳፉ ስፋት ሳይቀር ይለካል። ውጤቱስ? ይህ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲጀመር ከሁሉ በፊት ስሙ የተጠራው ጄይ በርዋንገር በዚያ ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ 198 ወጣቶች ከተጠሩ በኋላ 199ኛ ሆኖ የተመረጠው ቶም ብሬዲ የሊጉን ዋንጫ 7 ጊዜ አነሣ። ያን ያህል ሚዛንና ሜትር ተይዞ እንዲህ ከሆነ፣ እጅን ኪስ ከትቶ የሚነገረው ትንበያ ምን ያህል ይታመናል? በዚያ ላይ እነሱ የሚገምቱት አካሉ የጠናውን የ21 እና የ22 ዓመት ወጣት ነው፤ እኛ የምንገምተው ግን ገና ድምፁ ያልጎረነነውን ልጅ ነው።

ምናልባት አንባቢ «የተሳሳተውን ብቻ ለቅመህ ነገርከን፤ የሠመረውስ ትንበያ?» ይል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የሠመረው ትንበያም እንዴት እንደሠመረ መመርመር ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የካናዳ የሥነ ልቦና ምሁር በአገሩ በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን፣ የእኛን ገና ጨዋታ የሚመስለውን የሆኪ ስፖርት አጠና። የተመረጡትን ተጫዋቾች የልደት ቀን ሲመረምር በፈረንጆች ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተወለዱት እጅግ በዝተው ተገኙ። ምክንያቱ የኮከብ ነገር አልነበረም። ልጆቹ በዕድሜ የሚመደቡት በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ተቆርጦ ስለሆነ፣ በዓመቱ መግቢያ የተወለደው በዓመቱ መውጫ ከተወለደው የቡድን ጓደኛው በ11 ወር ይበልጣል። በ9 እና በ10 ዓመት ላይ 11 ወር ብዙ ነው፤ የጉልበትም፣ የቁመትም፣ የማስተዋልም ልዩነት ያመጣል። ትልቁ ልጅ «ጎበዝ» ይባልና ይመረጣል። የተሻለ አሠልጣኝ፣ የተሻለ ሜዳ፣ ብዙ ጨዋታ ያገኛል። ከ10 ዓመት በኋላ በእርግጥም በልጦ ይገኛል። መራጩም «አላልኳችሁም?» ይላል። መራጩ ችሎታ ያየ ሲመስለው ያየው የልደት ወር ነበር፤ ችሎታው የመጣው ከተመረጠ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ብዙ ልጅ የተወለደበትን ቀን የሚመሰክር ወረቀት ሳይኖረው አድጓል። «ታዳጊ» ተብሎ ለመታየት ዕድሜን መቀነስ ብልኃት መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ውስጥ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም አር አይ ማስመርመር የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአንጓው ላይ ያለው የአጥንት ማደጊያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ከተገኘ ባለቤቱ ከ17 ዓመት በላይ መሆኑ በእጅጉ ይገመታል። 19 ዓመት የሞላው ወጣት «16 ነኝ» ብሎ ሲሰለፍ «ዋሸ» ብለን እንቆጣለን። መቆጣቱ ተገቢ ነው። ግን ውሸቱን ማን አስተማረው? «በ16 ያልታየ ከዚያ ወዲያ አይታይም» ያልነው እኛ አይደለንምን? በእሱ ውሸት ቦታውን የሚያጣው ደግሞ እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ ያ «አጥንቱ ቀጭን ነው» የተባለው።

እስከ አሁን የተነጋገርነው ትንበያ ይሠምራል አይሠምርም በሚለው ላይ ነው። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሳይሠምር ሲቀር ኪሳራውን ማን ይከፍላል የሚለው ይመስለኛል።

ለቡ አካባቢ አንዲት እናት አውቃለሁ። ልጃቸው 9ኛ ክፍል ሳለ «ዘንድሮ ይፈርማል» ተባለ። ከቤት ወጪ ተቀንሶ ታኬታ ተገዛለት። ልምምዱ ከትምህርት ሰዓት ጋር ሲጋጭ ትምህርቱ ቦታውን ለቀቀ። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ለሙከራ ሲሄድ ሲመለስ አለቀ። ልጁ ዛሬ ታክሲ ላይ ረዳት ነው። እኚህ እናት ያሉኝን አልረሳውም። «ወንድሜ፣ ይሆናል ያሉኝ ሰዎች ቤቴን ሞልተውት ነበር፤ ቡና ያፈላሁላቸው እኔ ነኝ። ሳይሆን ሲቀር ግን ልጁ እንዴት ሆነ ብሎ የመጣ አንድ ሰው የለም።»

ረዳትነት ነውር አይደለም፤ በላቡ ቤተሰቡን የሚደግፍ ልጅ ክብር ይገባዋል። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌሎች ሰዎች በእሱ ስም ሲወራረዱ የእሱን የትምህርት ዓመታት መያዣ ማድረጋቸው ነው። በራሱ ገንዘብ የሚወራረድ ሰው እንደ ልቡ ቢደፍር የራሱ ጉዳይ ነው፤ ሲከስር ኪሱ ይነግረዋል። በሰው ልጅነት የሚወራረድ ግን ሲሳካለት «እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት» ይላል፤ ሳይሳካ ሲቀር ሌላ ልጅ ፈልጎ ትንበያውን ይቀጥላል።

ይህን ሐሳብ በሰፈራችን ልጆችን ያለ ደመወዝ ለሚያሠለጥን ወጣት ባጫውተው አልተስማማም። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ለመጽሔት ይሆናል» አለኝ። «እኔ ጋ 60 ልጅ ይመጣል፤ ያለኝ ኳስ 4፣ ማልያ ደግሞ 18 ነው። ካልመረጥኩ ሁሉንም አጣቸዋለሁ። ልጁም ቢሆን እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ተስፋ ካልሰጡት ማን በዚህ ብርድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል?»

እውነት አለው። ሜዳ የሚገባው 11 ሰው ነው፤ ምርጫ ግድ ነው። ያለ ተስፋም ልጅ አያድግም። ነገር ግን ምርጫና ትንበያ ይለያያሉ። መራጭ «ለዛሬው ጨዋታ አንተን እፈልግሃለሁ» ይላል፤ የሚናገረው ስለ ዛሬ ሥራ ነውና ለሚመጣው ሳምንት በሩ ክፍት ነው። ተንባይ «አንተ ይህ ነህ፤ ያ አይደለህም» ይላል፤ ይህ በልጁ ማንነት ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ይግባኝም የለውም። ተስፋ መስጠትም ቢሆን ሁለት መንገድ አለው። «ግራ እግርህ ካለፈው ወር ተሻሽሏል» ያለ ሰው ተስፋ ሰጥቷል፤ ልጁም ነገ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። «አንተማ ገና አውሮፓ ትጫወታለህ» ያለው ግን ልጁ ያልተበደረውን ብድር ጽፎበት ሄዷል።

ከሁሉ የተሻለው ትንበያ እንኳ የማያካትተው ነገር አለ። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊግ ውድድር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ሲያገባ «ይህ ተጫዋች ከአገር ይወጣል» ያለ ሁሉ አልተሳሳተም፤ በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው። በዚህ የሚወቀስ ሰው የለም። ዓይን የዛሬውን እግር ያያል፤ ጅማት ነገ ምን እንደሚገጥመው ግን አያይም።

ስለ ትንቢት የእኛም ታሪክ የሚለው አለው። ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል፤ ሕዝቡም ያን ስም ሲጠብቅ ኖሯል። የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ስሙን ለራሱ አደረገው። ትንቢቱ ሕፃኑን ካሣን ለይቶ አልጠራውም ነበር፤ ጎልማሳው ካሣ ነው ትንቢቱን የመረጠው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዋጋውን የከፈለውም ራሱ ነው። ሰው ዐውቆ የመረጠውን ተስፋ ይዞ ቢወድቅ እንኳ ውድቀቱ የራሱ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አላደረገም፤ ሌሎች መርጠውለታል።

ደግሞም ከሜዳው ውጭ የቀረውን ማን ያየዋል? ነቢዩ ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች ንጉሥ ሊቀባ በሄደ ጊዜ ዓይኑ ያረፈው ቁመናው ባማረው በበኩሩ ልጅ ላይ ነበር፤ የተፈለገው ግን ከተሰለፉት መካከል አልነበረም፤ ዱር ውሎ በግ ይጠብቅ ነበር። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው በልጅነቱ «አይሆንም» ተብሎ ስሙ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ፣ ምን እንደጎደለብን እንኳ ሳናውቅ እንኖር ነበር። ያልተመረጠው ልጅ ሳይታይ ስለሚቀር ተንባይን የሚከስሰው የለም።

እንግዲህ ሰው ስለ ልጆች አይናገር ማለቴ አይደለም። የሚናገር ሰው ግን ዕዳ እንዳለበት ይወቅ። ዛሬ ያየውን ይናገር። ለሙከራ የሚሄደውን ልጅ «ፈተናህስ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ዘንድሮ የተመለሰውን ልጅ ለከርሞ «ና» ይበለው። «ይሆናል» ያለውም ሰው ሳይሆን የቀረ ዕለት የእናቱን በር ያንኳኳ፤ ቡናውን ጠጥቷልና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን። እስኪሄድ ድረስ ግን ሙቀት የሚሰጠው ያስፈልገዋል፤ ተሰብስቦ «ይህ አውራ ዶሮ ይሆናል፤ ያ አይሆንም» እያለ የሚወራረድበት ሰው ምንም አያደርግለትም።