ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ማን ያውቃል?

ላፕቶፕ ማዕዘኑ ላይ «40 ፐርሰንት» ብሎ ሲጽፍ የሚናገረው እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አሶሳ ውስጥ መብራት በጠፋበት ምሽት የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጨርስ ተማሪ ይህን ቁጥር አምኖ ይቀመጣል። ቁጥሩ 40 ላይ እያለ ማሽኑ ድርግም ብሎ ቢጠፋ፣ ያ ተማሪ ያመነው ምንን ነበር? «ባትሪው አርጅቷል፣ ይቀየር» የሚለው መልስ አያረካኝም። አዲሱም ባትሪ ቁጥር ይጽፋል፤ ያንንስ በምን አውቄ አምነዋለሁ?

ከሥሩ ልጀምር። ባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው። ስንጠቀምበት የሊቲየም ቅንጣቶች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ቻርጅ ስናደርገው ይመለሳሉ። ያልተሻገረው ስንት እንደሆነ ገብቶ የሚቆጥር መሣሪያ ላፕቶፑ ውስጥ የለም። ያለው አንድ ትንሽ ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ የሚለካው ቮልቴጅን፣ የሚገባና የሚወጣ ከረንትንና ሙቀትን ነው። እንግዲህ 40 ፐርሰንት የተለካ ነገር አይደለም። ከተለካው ተነሥቶ የተገመተ ነው። ይህን አጥብቄ እይዛለሁ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይወጣልና።

አንድ ሰው እንዲህ ይለኛል፦ «ቮልቴጁ ከወረደ ባትሪው እያለቀ ነው፤ ይህን ማየት አይበቃም?» ቮልቴጁ በእኩል ደረጃ የሚወርድ ቢሆን ይበቃ ነበር። አንድ የተለመደ የሊቲየም ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ባዶ ሲሆን ወደ 3 ቮልት ይደርሳል። በመካከል ግን 3.7 ቮልት አካባቢ ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይነቃነቅ ይቆያል። 60 እና 40 ፐርሰንት በቮልቴጅ ዓይን መንታ ይመስላሉ። በዚያ ላይ ማሽኑ ከባድ ሥራ ሲይዝ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሲያርፍ መልሶ ይወጣል። ባትሪው ውስጥ ምንም ሳይጨመር የወጣ ቮልቴጅ ስለ ቀሪው መጠን ምን ይመሰክራል?

«እንግዲያው የገባውንና የወጣውን ከረንት ይቁጠር» ይላል ያው ተቃዋሚ። ይቆጥራል። ነገር ግን ቆጣሪ ሁሉ ጥቂት ይሳሳታል፤ የጥቂቱ ስሕተት በእያንዳንዱ ሰዓት ላይ ይደመራል። ባትሪው ሳይነካ ተቀምጦ በራሱ የሚያጣውንም ቆጣሪው በሙሉ አያየውም። ደግሞም መቁጠር መነሻ ይፈልጋል፤ መነሻው ከተሳሳተ ትክክለኛ ቆጠራም ወደ ተሳሳተ ቦታ ያደርሳል።

እዚሁ ክልላችን፣ ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ነገሩን ያብራራልኛል። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ መያዝ ይችላል። መጠኑን ለማወቅ የውኃውን ከፍታ አይቶ ማስላት ይቻላል፤ የገባውንና የወጣውን መዝግቦ መቀነስም ይቻላል። ሐይቁ ላይ ከፍታው ከመጠኑ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ አንዱ መንገድ ሌላውን በየጊዜው ያርመዋል። የባትሪው ከፍታ፣ ማለትም ቮልቴጁ፣ መጠኑን በግልጽ የሚናገረው ግን ጫፎቹ ላይ ብቻ ነው፤ ሞልቶ ሲቆምና ሊያልቅ ሲቃረብ። በመካከል ያለው መንገድ ሁሉ በመዝገብ የሚታመን ነው።

ከዚህ አንድ ከባድ ነገር ይከተላል። መብራት ይጠፋል ብሎ የሚሰጋ ሰው ቻርጀሩን አይነቅልም። ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ታችኛውን ጫፍ ለወራት አይጎበኝም። ቺፑም ግምቱን የሚያርምበት አጋጣሚ ያጣል። በዚህ መካከል ባትሪው ያረጃል። ሞልቶ በሙቀት ውስጥ መቀመጥ ደግሞ እርጅናውን ያፋጥናል፤ እንደ ኩርሙክ ባለው ቆላ የሚሠራ ሰው ይህን ከአሶሳውም የበለጠ ያስተውለው። መብራት በጠፋ ጊዜ ቺፑ የሚያካፍለው ዛሬ በሌለ አቅም ነው። ፐርሰንት ክፍልፋይ ነውና ታችኛው ቁጥር ሐሰት ከሆነ ላይኛው እውነት መሆኑ አያድነውም። መብራት ሲጠፋ ይጠቅመኛል ብሎ ቻርጀሩን ያልነቀለው ሰው በዚያው ስጋቱ መለኪያውን አሳወረ።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ባትሪውን መቶ ማድረስ፣ ጥቂት ማሳረፍ፣ ነቅሎ እስኪጠፋ ድረስ መጠቀም፣ ከዚያ ሳያቋርጡ እንደገና መሙላት። ካሊብሬሽን የሚሉት ይህን ነው። ተቃውሞው ግን ብርቱ ነው፦ «እስከ ባዶ መውረድ ራሱ ባትሪውን ይጎዳል።» እውነት ነው። ታዲያ እውነቱን ለማወቅ ብለን የባትሪውን ዕድሜ ማሳጠር ይገባል? ብዙ አሰብኩበት። በየሳምንቱ ከሆነ አይገባም፤ ጉዳቱ ከእውቀቱ ይበልጣል። በጥቂት ወራት አንዴ፣ ያውም ቁጥሩ ሲያጠራጥር ከሆነ ይገባል፤ የማይታመን 40 ከሚታመን 30 ያነሰ ነውና። ያበጠ ባትሪ ግን ፈጽሞ አይፈተንም፤ ከአገልግሎት ይወጣል።

ካሊብሬሽኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይለይልናል። ድንገት መጥፋት ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። መለኪያው ተሳስቶ ባትሪው ግን ደህና ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከተደረደሩት ሴሎች አንዱ ደክሞ ጭነት ሲመጣ ቮልቴጁ ይደረመሳል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከካሊብሬሽን በኋላ ቁጥሩ ከተስተካከለ ጥፋቱ የመለኪያው ነበር። እንዲያም ሆኖ ማሽኑ 30 ላይ የሚጠፋ ከሆነ ግምቱን ሴሉ ላይ ማድረግ ይገባል።

ስለ ሰዓቱስ? «2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቀርቷል» የሚለው ከፐርሰንቱም የራቀ ነው። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 40 ፐርሰንት ቢቀረው ያለው 20 ዋት ሰዓት ነው። ጽሑፍ ብቻ ሲጻፍበት 5 ዋት ቢበላ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ቪዲዮ ሲቀናበርበት 20 ዋት ቢበላ 1 ሰዓት። ማሽኑ ቀጥሎ ምን እንደምሠራ አያውቅም፤ እኔም ገና አልወሰንኩም። ያልተወሰነ ነገር እንዴት ይለካል? አፕል በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ይህን የሰዓት ግምት ከማክ ኮምፒውተሮች የባትሪ ምልክት ላይ አነሣው። ዝም ማለት ከመሳሳት ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። «ከ1 እስከ 4 ሰዓት» ብሎ አለማወቁን ጭምር መናገር ይቻል ነበር።

የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ለየፕሮግራሙ «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» የኃይል ፍጆታ ብሎ የሚጽፈውም እንዲሁ ነው። ከባትሪው ወደ እያንዳንዱ ፕሮግራም የተዘረጋ ሽቦ የለም። ፕሮሰሰሩና ዲስኩ ምን ያህል እንደተጠመዱ አይቶ የሚያከፋፍል ስሌት ነው። ለማነጻጸር ይረዳል፤ ለመፍረድ አይበቃም።

«እንዲህ ከሆነ የትኛውንም አትመን ማለትህ ነው» ይሉኛል። አይደለም። ጥፋቱ መገመቱ አይደለም፤ የተለካው፣ የተገመተውና የተተነበየው በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት መጻፋቸው ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። ዊንዶውስ ያለው ሰው በትእዛዝ መስኮቱ «powercfg /batteryreport» የሚለውን ትእዛዝ ቢያስኬድ ሁለት ቁጥሮች ያገኛል፤ ፋብሪካው የጻፈውን አቅምና ዛሬ ይይዛል ተብሎ የሚገመተውን። የአሶሳ ጠጋኞች፣ ደንበኛችሁን አዲስ ባትሪ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከአዲስ አበባ አስመጣ ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከካሊብሬሽን በፊትና በኋላ አሳዩት፤ ከዚያ እሱ ራሱ ይወስን።