ለኦሺን ያፈሰስነው እንባ

የአሥራ ሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ሰላቷን በወቅቱ ትሰግዳለች፤ ትምህርቷም ጥሩ ነው። የተረፈ ጊዜዋን ሁሉ የሚወስደው ግን የሩቅ ምሥራቅ ነገር ነው። የኮሪያ ድራማ ትከታተላለች፤ ጃፓኖች «ማንጋ» የሚሉትን በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ በስልኳ ታነባለች፤ እናቴ ምሳ ስታቀርብላት በጃፓንኛ እያመሰገነች ታስቃታለች። በቅርቡ አንድ አዛውንት ዘመዳችን ሊጠይቁን ሲመጡ ስልኳን ይዛ ስታለቅስ ደረሱባት። ሰው የሞተ መስሏቸው ደንግጠው ነበር። ነገሩን ሲረዱ ድንጋጤያቸው ወደ ቁጣ ተለወጠ። «የሙስሊም ልጅ እንባዋን ለጣዖት አምላኪ ታፈሳለች እንዴ?» አሉና ሌሎች ሕዝቦችን ስለመምሰል የተነገረውን ሐዲስ አስታወሷት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። ማታ ግን ወደ እኔ መጥታ «አጎቴ፣ ሃይማኖቴን ለማይጋራኝ ሰው ማልቀሴ ኃጢአት ነው? ደግሞስ ጭራሽ ኖሮ ለማያውቅ ሰው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ይህ ጸሐፊ ጋዜጠኛ እንጂ ፈትዋ ሰጪ አይደለም። ሆኖም የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙም የሚያስቸግር አልመሰለኝም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ ይሁዲ አስከሬን በአጠገባቸው ሲያልፍ ብድግ ብለው መቆማቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለሞተው የሚቆም ሰው በሕይወት ሳለ ለተራበው ቢያዝን የሚገርም አይሆንም። መምሰልን በተመለከተም ቢሆን ዑለማዎች አጥብቀው የሚናገሩት የሌሎች የእምነት መለያ የሆነውን ነገር ስለመውሰድ ነው። በጃፓንኛ «አመሰግናለሁ» ማለት ከዚህ ውስጥ ይገባል የሚል እስካሁን አላገኘሁም።

ያስቸገረኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ያን ቀን ልጅቷ ታለቅስለት የነበረው ድራማ «ኦሺን» መሆኑን ስሰማ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ።

ኦሺን የዛሬ ዘመን ሥራ አይደለም። ኤንኤችኬ የተባለው የጃፓን ብሔራዊ ጣቢያ ከሚያዝያ 1983 እስከ መጋቢት 1984 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከእሑድ በቀር በየማለዳው ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያቀርበው የነበረ የ297 ክፍል ድራማ ነው። ደራሲዋ ሱጋኮ ሃሺዳ ትባላለች፤ በ2021 ነው ያረፈችው። በጃፓን የተመልካቹ ቁጥር በአማካይ ከግማሽ በላይ ነበር፤ በኋላም ከስድሳ በሚበልጡ አገሮች ታይቷል። ታሪኩ በ1901 በያማጋታ ገጠር ከጭሰኛ ቤተሰብ ስለተወለደች ሴት ነው። ኦሺን ሰባት ዓመት ሲሞላት አባቷ በአንድ ጆንያ ሩዝ ለአንድ ዓመት ለሰው ቤት አገልጋይነት ይሰጣታል። በበረዶ ውስጥ ጨቅላ አዝላ ልብስ ታጥባለች፤ ባልሰረቀችው ሳንቲም ሌባ ተብላ ትደበደባለች። አድጋ ታገባለች፤ ልጇን በጦርነት ታጣለች፤ የመንደሩን ጎረምሶች ለውትድርና ሲቀሰቅስ የነበረው ባሏ አገሩ ስትሸነፍ ራሱን ይገድላል። በመጨረሻ የትልልቅ ሱቆች ባለቤት ትሆናለች። ድራማው የሚጀምረው ግን ከመጨረሻው ነው፤ ባለጸጋዋ አሮጊት ከቤቷ ጠፍታ በመሄድ የት ላይ እንደተሳሳተች ስትፈልግ።

በኢራን ይህ ድራማ የታየው ከኢራቅ ጋር ከተደረገው የስምንት ዓመት ጦርነት ጋር በተያያዙት ዓመታት ነበር። ሕዝቡ ከመውደዱ የተነሣ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበትን ገበያ በኦሺን የባል ቤተሰብ ስም «ታናኩራ» እያለ እስከ መጥራት ደርሷል። በጥር ወር 1989 የቴህራን ራዲዮ የፋጢማን (ረ.ዐ) ልደት ምክንያት በማድረግ ሴቶችን ስለ አርአያቸው ሲጠይቅ አንዲት ሴት ፋጢማ የ1400 ዓመት ሰው ናት፣ የእኔ አርአያ ኦሺን ናት የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጠች። አያቶላህ ኹመይኒ እጅግ ተቆጥተው ለብሮድካስት ኃላፊው ደብዳቤ ጻፉ። በፕሮግራሙ ኃላፊዎች ላይ ፍርድ ተሰጠ፤ ወዲያው ደግሞ ምሕረት ተደረገላቸው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሣው በገዥዎቹ ለመሳቅ ወይም በሴትየዋ ለማፈር ነው። እኔ ሁለቱንም አልቻልኩም። ሴትየዋ የተጠየቀችውን በእውነት መልሳለች። ግን እንዴት እዚያ ደረሰች? ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ፋጢማ (ረ.ዐ) እህል ስትፈጭ እጇ ከወፍጮው የተነሣ ተጎድቶ አገልጋይ እንዲሰጧት ልትጠይቅ ወደ አባቷ ሄዳ ነበር። አገልጋይ አላገኘችም፤ ያገኘችው ከመኝታ በፊት የሚባለውን ተስቢሕ ነው። ይህችን እጇ የቆሰለ ሴት ለልጆቻችን መቼ ነገርናቸው? ስሟን በማዕረግ ላይ ማዕረግ ደርበን እናነሣለን፤ ስትፈጭ ግን አናሳያቸውም። ጃፓኖች ኦሺንን ከነበረዶዋ አሳዩ። የቴህራኗ ሴት ለሰልፍ ቆማ ለምትገዛው ዳቦ የምትቀርባትን መረጠች። በዚህ ከተቀጣን እሷ ሳትሆን ነጋሪዎቹ እኛ ነበርን መቀጣት ያለብን።

ሌላም ነገር አለ። መውደድ ሁልጊዜ ማወቅ አይደለም። በ1990ዎቹ በአረብ አገሮች ያደጉ ልጆች ካፒቴን ማጂድ የሚባለውን ትንሽ ኳስ ተጫዋች እንደ ወንድማቸው ሲወዱ፣ እውነተኛ ስሙ ጹባሳ መሆኑን ብዙዎቹ ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው። ከወዲያኛውም ወገን እንዲሁ ነው። በ2008 «ጆጆ» በተባለው ታዋቂ ማንጋ ላይ በተሠራ ፊልም ውስጥ ክፉው ገጸ ባሕርይ የሚያነበው መጽሐፍ የቁርኣን ገጽ ሆኖ ተገኘና ቁጣ ተነሣ። አሳታሚው ሹኤይሻና ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ ይቅርታ ጠየቁ። ሠዓሊዎቹ ታሪኩ ግብጽ ውስጥ ስለሆነ የአረብኛ ጽሑፍ ብቻ ፈልገው ነበር፤ ምን እንደሚል አላወቁም። እኔ ይህን አምናለሁ። ፊደሉን ለጌጥ ወደዱት፤ ቃሉን አልጠየቁም። የእኛም ወጣቶች ቢሆኑ በግድግዳቸው ላይ በሰቀሉት የጃፓን ጽሑፍ ምን እንደተባለ የሚያውቁት ስንቶቹ ናቸው? በዚያው አገር ደግሞ ቶሺሂኮ ኢዙትሱ የሚባል ሰው ነበረ። በወጣትነቱ ከሩሲያ ተሰድደው ቶኪዮ ከነበሩት የታታር ዓሊሞች ከዐብዱረሺድ ኢብራሂምና ከሙሳ ጃሩላህ አረብኛ ተምሮ፣ ሙስሊም ሳይሆን ቁርኣንን በቀጥታ ከአረብኛ ወደ ጃፓንኛ ተርጉሞ በ1958 ጨረሰ። ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ይህን ሰው ነው። በማግሥቱ ስለ እሱ ስታነብ አገኘኋት፤ አዛውንቱ ዘመዳችን ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

ወደ እንባው ልመለስ። ፈረንሳይኛ ጸሐፊው ሩሶ በ1758 ስለ ቲያትር ባሳተመው ደብዳቤ ላይ በመድረክ ለሚሠቃይ ሰው የሚያለቅስ ተመልካች ልቡ ረክቶ ይወጣል፣ ለሰው ልጅ የሚገባውን የከፈለ ይመስለዋል፣ ከበር ውጪ የቆመው ችግረኛ ግን ምንም አላገኘም የሚል አሳብ አቅርቧል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ሳነብ የተጋነነ መስሎኝ ነበር።

በእኛ ቤት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለች። ከገጠር የመጣችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሲሆን ያመጣትም አጎቷ ነው። እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ማታ የሁላችንንም ጫማ ትወለውላለች። ደመወዟን አጎቷ በየሦስት ወሩ እየመጣ ይወስዳል፤ ምን ያህሉ ለእሷ፣ ምን ያህሉ ለአባቷ እንደሚደርስ ጠይቄ አላውቅም። የማታ ትምህርት እናስገባታለን ካልን ሁለት ዓመት ሆነን። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ እህቶቻችን ስለሚደርስባቸው በደል ከአንድ ጊዜ በላይ ጽፌያለሁ፤ ጽሑፉን ስጽፍ ሻይ ያቀረበችልኝ ይህችው ልጅ ናት። የአዛውንቱ ዘመዳችን ቁጣ ለጃፓኗ ልጅ በፈሰሰው እንባ ላይ ነበር። እሳቸውም እኔም የጠጣነውን ብርጭቆ ማን እንዳጠበው አላሰብንም።

ጃፓኖች የማንጋና የመሳሰለውን ነገር አጥብቆ አፍቃሪ «ኦታኩ» ይሉታል። ቃሉ በመነሻው «ቤትዎ» ማለት ነው፤ ከ«እርስዎ» ጋር የሚመሳሰል የአክብሮት አጠራር ነበር። የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ከዒሻ በኋላ ልጅቷ ሠራተኛችንን ከማድ ቤት ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ አነባለሁ። የሚታየው ኦሺን በወንዙ ላይ በታንኳ ስትሄድ አባቷ በዳርቻው እየሮጠ የሚከተልበት ክፍል ነው፤ ንግግሩን የእህቴ ልጅ በአማርኛ ትተረጉምላታለች። እንደተለመደው እሷ አለቀሰች። ሠራተኛችን አላለቀሰችም። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብላ ካየች በኋላ፣

«ሩዙ ስንት ኪሎ ነው?» አለች።

የእህቴ ልጅ ስልኳን ነካክታ አንድ የጃፓን ጆንያ ሥልሳ ኪሎ እንደሚሆን ነገረቻት።

«ለዓመቱ?»

«ለዓመቱ።»

ሠራተኛችን በጣቷ የሆነ ነገር ስትቆጥር ቆየች። ከዚያ ወጡ እንዳያርባት ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።