ብል የማይበላው ልብስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ ብልና ዝገት በሚያጠፉት በምድር ሳይሆን በሰማይ መዝገብ እንድናከማች አዝዞናል (ማቴ. 6፥19-20)። ለዚህ ታላቅ ትምህርት ምስክር ሆኖ የቀረበው ብል ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ፍጥረት ነው።

ከብል ወገን አንዱ ክንፍ ባወጣ ጊዜ ቢመለከቱት፣ ግራጫ በሆነው ክንፉ ላይ ሦስት ጠቈር ያሉ ነጥቦች ይታያሉ፤ የክንፉም ጠርዝ እንደ ዘርፍ በቀጭን ጠጕር የተከበበ ነው። ይህን ጌጥ ለብሶ የሚበረው ግን ልብስ አይበላም፤ የሚበላው ገና ትል ሳለ ነው። ትሉም ከሚበላው ሱፍ ጥቂት ወስዶ በድሩ እያያያዘ ለራሱ መጐናጸፊያ ይሠራል፤ ስለዚህ በቀይ ሱፍ ያደገው ቀይ፣ በጥቁር ያደገው ጥቁር ለብሶ ይገኛል። ብርሃንን ይሸሻል፤ የሚወደው ጨለማውንና እጅ የማይነካውን ሣጥን ነው።

እንግዲህ እግዚአብሔር ለብል እንኳ ልብስ አልነሣውም። የሰው ልጅ በብርድ የሚታረዘው ፈጣሪ ሳይሰጥ ቀርቶ ሳይሆን እኛ በሣጥን ስለ ዘጋንበት ነው። ቅዱስ ባስልዮስም ተከማችቶ የተቀመጠ ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን አስተምሯል።

የምናገለግልባት ሆሳዕና፣ ቀድሞ ዋቸሞ የተባለችው፣ ስሟ የበዓለ ሆሳዕና ስም ነው። በዚያ ቀን ሕዝቡ ልብሳቸውን በጌታ መንገድ አነጠፉ (ማቴ. 21፥8)። አህያ የረገጠው ልብስ እስከ ዛሬ በወንጌል ሲነገር ይኖራል፤ በሣጥን የቀረው ግን የብል ሲሳይ ሆኖ ጠፍቷል። ዛሬም ጌታ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫና በዶዮገና መንገድ ያልፋል፤ የሚያልፈውም በታረዙት አካል ነው (ማቴ. 25፥36-40)።

ጥፋታችንን አንሰውርም። በአንድ ክረምት ለበዓል ብለን ያኖርነውን በርኖስ ልናወጣ ሣጥኑን ብንከፍት፣ ትከሻውን ብል በልቶት አገኘነው። በዚያው ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ብርድ ያንቀጠቀጣቸውን ሽማግሌ «እግዚአብሔር ይስጥዎ» ብለን ባዶ እጃቸውን አሰናብተናቸው ነበር። ለሽማግሌው የነፈግነውን ለብል ሰጠነው።

ስለዚህ፣ ካህናት አባቶችና ምእመናን ሆይ፣ ክረምት ሳይገባ ሣጥናችንን እንክፈት። ሁለት ልብስ ያለን አንዱን እናካፍል (ሉቃ. 3፥11)፤ የምንሰጠውም ብል የተረፈውን ሳይሆን ለራሳችን የምንወደውን ይሁን። በድኃ ጀርባ ላይ ያለ ልብስ በሰማይ መዝገብ ተቀምጧልና፣ ብል አያገኘውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።