ምልክቱና የምልክቱ ባለቤት

በሕንድ አገር የሺቫ አምላኪዎች ሊንጋ በሚባለው ዓምድ መሰል ድንጋይ ላይ ውሃና ወተት ያፈስሳሉ፤ የቢልቫ ቅጠልም ያኖሩበታል። ይህን የሚያይ እንግዳ «ድንጋይ ያመልካሉ» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኛ ግን አስቀድመን ልንጠይቅ ይገባናል፤ የሚሰገደው ለድንጋዩ ነውን፣ ወይስ ድንጋዩ ለሚያመለክተው?

ሊንጋ በሳንስክሪት ቋንቋ «ምልክት» ማለት ነው። ከመራባት ኃይል ጋር የሚያያይዙት ሊቃውንት አሉ፤ ብዙ አምላኪዎች ግን ፊትና እጅ የሌለው ይህ ቅርጽ መልክ የማይወስነውን አምላክ ያሳስበናል ይላሉ። በ12ኛው መቶ ዘመን በካርናታካ ምድር የዘር መደብን ልዩነት የነቀፈው የባሳቫ ተከታዮች፣ ትንሽ ሊንጋ በአንገታቸው ይይዛሉ፤ በጸሎት ጊዜም በመዳፋቸው ላይ ያኖሩታል።

እ.ኤ.አ. በ787 የተደረገው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ፣ ለቅዱሳት ሥዕላት የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ አስተምሯል። እንግዲህ ለራሳችን የምንሻውን ማስተዋል ለባልንጀራችን ብንነፍገው ፍርዳችን ቅን አይሆንም።

ይህ ሲባል ግን እምነቶች ሁሉ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። እኛ የማይታየው አምላክ በክርስቶስ ሰው ሆኖ እንደ ታየ እናምናለን። ይሁን እንጂ ልዩነትን በእውነት መናገር የሚችል፣ የሌላውን እምነት በእውነት ያወቀ ብቻ ነው፤ ሳያውቅ የሚፈርድ በባልንጀራው ላይ የሐሰት ምስክር ይሆናል።

ጥያቄው ወደ እኛም ይመለሳል። መስቀል በአንገታችን አስረን የተራበውን ብናልፈው፣ ምልክቱን ይዘን ባለቤቱን ረስተናል።