«እኔ አልነካሁትም»

ቤታችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ አለች። ስክሪኗ ተሰብሯል፣ ባትሪዋ ሞቷል፣ መብራት ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። የቤተሰባችን ሰርቨር እሷ ናት። በ2017 ዓ.ም በመስቀል ሰሞን አንድ ቀን ማለዳ ስነሳ የፎቶ ማከማቻችን አልከፍት አለ። ማታ ደህና ነበር። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «እኔ አልነካሁትም!» የሚል ነው። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ለማን እየተከላከልኩ እንደነበር እስካሁን ይገርመኛል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ፈረስ ቤት ልውሰዳችሁ። የአባቴ አገር ነው፤ ምዕራብ ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት። አያቴ ቤት አንድ የእንጨት ሳጥን አለ፤ የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲዘጋ፣ የአክስቴ ልጅ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በስልኩ አነሳቸውና መንገድ በተከፈተ ጊዜ በሚሞሪ ካርድ ይዞልኝ አዲስ አበባ መጣ። ወደ 400 ይጠጋሉ። ካርዷን በሶፍት ጠቅልሎ ካልሲው ውስጥ ነበር የያዛት።

ከዚያ አክስቴ ለሕክምና መጡና እኛ ጋ ሁለት ወር ከረሙ። ማታ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ ፎቶዎቹን አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ ከየፎቶው ሥር እጽፋለሁ። «ይቺ የአባትህ የክርስትና እናት ናት። ይሄ ጋቢ የለበሰው ደግሞ ጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነበር።» አንዳንዱን ስም ለማስታወስ ሁለት ቀን ይፈጅባቸው ነበር። አገር ቤት ከተመለሱ ወዲህ መርሳት በርትቶባቸዋል። ያኔ የነገሩኝን ስም ዛሬ ብጠይቃቸው ብዙውን አያውቁትም። ስለዚህ ፎቶዎቹ ሳጥኑ ውስጥም አሉ፤ ስሞቹ ግን የነበሩት እዚያች ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ብልሽቱ። የሰርቨሩ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዶከር ኮንቴይነር ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ከሌላው ተለይቶ በራሱ ዕቃ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው። አፕዴት ሲደረግ ዕቃው አይጠገንም። የድሮው ይጣላል፣ ከወረደው አዲስ ኢሜጅ ሌላ ይፈጠራል። ዳታው የሚተርፈው ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ ቮልዩም በሚባል ቦታ ከተቀመጠ ብቻ ነው። እናቶቻችን ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ቡሃቃው ይታጠባል፣ ሲሰነጠቅም ይለወጣል፤ እርሾው ግን ተቀንሶ ለሚቀጥለው ሊጥ ይቀመጣል።

እኔም እርሾውን ለይቼ አስቀምጬ ነበር። ጥፋቴ ሌላ ቦታ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፤ ማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ የሥሪቱን ቁጥር መጻፍ ሲገባኝ «ሌተስት» ብዬ ተውኩት። በዚያ ላይ ሁልጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አዲስ ኢሜጅ ካለ አውርዶ በራሱ የሚቀይር ፕሮግራም አስገባሁ። ለምን? ሰነፍኩና። የሌሊት ጥቅልም ይረክሳል። በዚያው ሰሞን የፖስትግሬስ 17ኛ ሥሪት ወጣ። እኔ ተኝቼ ሳለሁ 16ቱ ተነስቶ በቦታው 17 ገባ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ አምስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ቀጥሎ ያገኘሁት ምክር «ቮልዩሙን ሰርዘህ እንደ አዲስ ጀምር» የሚል ነበር። ትእዛዙን ጽፌ ጨርሼ ነበር። እጄ ኢንተር ላይ ሳለ «ቮልዩም» የሚለውን ቃል እንደገና አየሁት። እርሾውን ድፋው እያለኝ ነው። እጄን አነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ሎጉን ያነበብኩት። ቅድሚያ ማንበብ የነበረብኝ እሱን ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ይህ የዳታ ማኅደር የተዘጋጀው በ16ኛው ሥሪት ነው፣ ከ17ኛው ጋር አይስማማም። ፖስትግሬስ ከአንድ ዋና ሥሪት ወደ ሌላው ሲኬድ የቆየውን ዳታ በራሱ አያሸጋግርም፤ ይህም በመመሪያው ተጽፏል። አለመነሳቱ ዳታውን ከመንካት መቆጠቡ ነበር እንጂ ምንም አላጠፋም። ፋይሉ ላይ «ሌተስት» የሚለውን አጥፍቼ 16 ብዬ ጻፍኩ። ተነሳ። ስሞቹ ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ። ሙሉ ቅጂ ወደ ውጭ ካወጣሁ በኋላ 17ን በባዶ ቮልዩም አስነስቼ ቅጂውን መለስኩበት። በድምሩ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

እንግዲህ «እኔ አልነካሁትም» ማለቴ እውነት ነበር? አዎ፣ በእጄ አልነካሁትም። ጥያቄው ግን መንካት አለመንካቴ ነው ወይ?

አንዳንዱ መልሱን በአጭሩ ይቆርጠዋል፦ አውቶማቲክ አፕዴት መጥፎ ነው፣ የሚሠራን ነገር አትንካው። ይህን ለማመን የሚያበቃ ምሳሌ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 የክራውድስትራይክ አንድ የተበላሸ አፕዴት በዓለም ዙሪያ በራሱ ተጭኖ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ተቃራኒውም ግን አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ማስተካከያው በመጋቢት ወጥቶ ሳለ አንድ ሲስተሙን ሳያድስ ቆየና የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰረቀበት። በአንዱ የተነካው ጎዳ፣ በሌላው ያልተነካው ጎዳ። ስለዚህ መንካትና አለመንካት ብቻውን የሥነ ምግባር መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ለዚህ ቋንቋችን የተሻለ ቃል አለው፦ አደራ። ጎረቤትህ ሲሄድ በሬውን አደራ ቢልህና በሬው ገደል ቢገባ፣ «እኔ አልገፋሁትም» ብትለው ይስቅብሃል። አደራ የተቀበልከው እንዳትገፋው ብቻ ሳይሆን እንድታየውም ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ አደራን ከውል ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ይዟል። የሌሊቱን ፕሮግራም ያስገባሁት እኔ ነኝ። እረኛ ቀጠርኩ እንጂ አደራው ከእኔ ላይ አልወረደም።

«ታዲያ በነጻ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ መሸከም አለበት?» ትሉኝ ይሆናል። ራሴንም ጠይቄዋለሁ። ባለሙያ አይደለሁም፣ ደመወዝ የለኝም፣ ላፕቶፗም የኔው ናት። ግን አክስቴ ሰርቨር አልመረጡም። ዶከር ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ማወቅም የለባቸውም። የመረጡት እኔን ነው። ዘመናዊው ነገር የሚያሳስተን እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሰውና በሰው መካከል የነበረውን አደራ በማሽን በኩል ስናሳልፈው፣ ማሽኑ የተቀበለልን ይመስለናል።

ይህ ማለት ምንም እንዳይበላሽ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማደር አይደለም። ይበላሻል። ከእኛ የሚጠበቀው መመለሻ መንገድ ማዘጋጀት ነው። አሁን የዳታቤዙን ሥሪት በቁጥር እጽፋለሁ። አፕዴት የማደርገው ቅዳሜ ጠዋት፣ ነቅቼ፣ መጀመሪያ ቅጂ አውጥቼ ነው። ቅጂውንም አልፎ አልፎ ሌላ ማሽን ላይ መልሼ አየዋለሁ፤ ከፍቶ ያላየውን ጎተራ ሙሉ ነው ብሎ የሚተኛ ገበሬ የለም። ያኔ የፎቶዎቹ ቅጂ ነበረኝ፣ የስሞቹ ግን አልነበረኝም። ይህንንም ያወቅሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ለአክስቴ መንገር። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል፣ ማንም አላወቀም፣ ብናገር ማስደንገጥ ብቻ ነው ብዬ ሳምንት ቆየሁ። ግን አደራ የሰጠ ሰው አደራው ለጥቂት መትረፉን ባያውቅ፣ ነገም በዚያው ልክ ያምነኛል። ያ እምነት ደግሞ እኔ የማውቀውን እውነት ያልያዘ ነው። ደወልኩ።

«እትዬ፣ ያ የነገሩኝ የሰዎቹ ስም ሁሉ ሊጠፋ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«አሁን አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ደብተር ላይ አልጻፍከውም እንዴ ልጄ?»

አልጻፍኩትም ነበር። በማግስቱ ባለ 100 ገጽ ደብተር ገዛሁ። እያንዳንዱን ፎቶ በቁጥሩ፣ ስሙን ከጎኑ እያደረግሁ በእጄ መገልበጥ ጀመርኩ። እየጻፍኩ ሳለ ስሙ ባዶ የሆነ አንድ ልጅ አገኘሁ፤ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፣ ከኋላው የገብስ ማሳ ይታያል። ያን ማታ አክስቴ «ነገ ይመጣልኛል» ብለውኝ ነበር። አሁንም በየሳምንቱ ስደውል እጠይቃቸዋለሁ። መስመሩን ባዶ ትቼለታለሁ።