ይቅር በሉ ባዩ ማን ነው?

አባቴ የሰፈሩን ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ነበር። «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በል» ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። ልማዳችን መልካም ነው፤ አንድ ነገሩ ግን ይከነክነኛል። ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚማጠነው፣ አንዳንዴም የሚጫነው፣ ተበዳዩን ነው።

ነገሩን አጥብቄ እንዳስብ ያደረገችኝ ከምኖርበት ከአትላንታ በስተምዕራብ ያለችው የአላባማዋ በርሚንግሃም ናት። በ1963 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15፣ የእኛ 1956 በገባ በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ የነጭ ዘረኞች ማኅበር የሆነው የኩ ክለክስ ክላን ሰዎች የቀበሩት ድማሚት የጥቁሮች በሆነው በ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፈነዳ። አዲ ሜ ኮሊንስ፣ ሲንቲያ ዌስሊና ካሮል ሮበርትሰን 14 ዓመታቸው ነበር፤ ዴኒስ ማክኔር 11። አራቱም ሞቱ። የአዲ ሜ ታናሽ እህት ሳራ አንድ ዓይኗን አጣች። የዕለቱ የሰንበት ትምህርት ርእስ ደግሞ ይቅር ስለሚል ፍቅር ነበር!

ኤፍ.ቢ.አይ. አራት ተጠርጣሪዎችን በ1965 ለይቶ አውቋል፤ በ1968 ማንም ሳይከሰስ ምርመራው ተዘጋ። ሮበርት ቻምብሊስ የተፈረደበት በ1977 ነው፤ ቶማስ ብላንተን በ2001፣ ቦቢ ፍራንክ ቼሪ በ2002። ሦስቱም አላደረግንም ብለው ክደዋል። አራተኛው፣ ኸርማን ካሽ፣ ሳይከሰስ በ1994 ሞተ።

ታዲያ ማን ማንን ይማር? ካህን እንኳ ያልተናዘዘውን አይፈታም። ቂምን ከልብ ማውጣት የተበዳይ የራሱ ጉዳይ ነው፤ በሟች ልጅ ስም ምሬያለሁ ማለት ግን ለእናትም ይከብዳል። ፍርድ ቤቱን «ተዉት፣ አለፈ» ማለት ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ይቅርታ አልለውም።

ጌታ በመስቀል ላይ ንስሐቸውን ሳይጠብቅ ማለደላቸው የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። የማለደው ግን የተቸነከረው ራሱ ነው እንጂ ዳር ቆሞ የሚያይ አይደለም።

ከፍንዳታው በኋላ የዌልስ ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ ለቤተ ክርስቲያኑ ባለቀለም መስታወት መስኮት ሰጥቷል። ሠዓሊው ጆን ፔትስ የሳለው ጥቁር ክርስቶስ ነው፤ አንዱ እጁ ግፍን ይገፋል፣ ሌላው ምሕረትን ይዘረጋል። ሥዕሉ ከብዙ ስብከት ይልቅ አሳምኖኛል፤ አንዱን እጅ ቆርጦ ሌላውን ብቻ የሚሰብክ ሰባኪ አይመቸኝም።

የአላባማ አገረ ገዥ ኬይ አይቪ ወይዘሮ ሳራን በደብዳቤ ይቅርታ የጠየቁት በ2020 ነው፤ ከ57 ዓመት በኋላ።