የምታልፈዋን ቅጽበት ማክበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጂዛንና በድንበር ከተሞች የምንኖር ብዙዎቻችን ቀን የምንቆጥረው በደመወዝ ነው። «ብቻ ይህ ዓመት ይለፍ» እንላለን፤ የስደት ዘመን ከዕድሜያችን የማይቆጠር ይመስለናል። ስለዚህ አንድ ወንድም በዕረፍቱ ሰዓት የፍየሎቹን መንጋ ወይም የፈይፋን ተራራ እርከን በካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ ጫር ጫር ሲያደርግ ብናይ፣ «ይህ ደግሞ ምን ይረባል?» ለማለት እንቸኩላለን። በእውነት አይረባምን?

የቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳት ሥዕላት በጸሎትና በሥርዓት፣ በዝግታ ይሣላሉ፤ የማያልፈውን ያሳዩናልና እናከብራቸዋለን። በደቂቃ የተጫረች ንድፍ ግን የምትይዘው የሚያልፈውን ነው፤ ጥላው ሳይዞር፣ አቧራው ሳይነሣ፣ ፍየሏ ቀና እንዳለች። ከእነርሱ ጋር አትወዳደርም። ነገር ግን የሚያልፍ ሁሉ የተናቀ ነውን? ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ነገ ለሚጨነቁት ያሳያቸው ነገ የምትደርቀውን የሜዳ አበባ ነው። እርሱ ለአጭር ዕድሜዋ ውበት ካልነፈጋት፣ እኛ አንድ ደቂቃ ብንመለከታት ይበዛባታልን?

ከእኛ ብዙዎች የወረዱበትን በረሃ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1841 ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ከታጁራ ተነሥቶ፣ በአሳል ሐይቅ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሀገር ወደ ሸዋ ወጣ። በዚያ ሐሩር ሰው የሚመኘው ቶሎ ማለፍን ነው፤ እርሱ ግን ጨው የከበበውን ሐይቅ፣ በኋላም አንኮበርን ሣለ። ሥዕሎቹ እ.ኤ.አ. በ1852 ለንደን ላይ ታተሙ። ንጉሡም ተጓዦቹም አልፈዋል፤ ያ መንገድና ያ ከተማ ግን በዚያ ዘመን እንደ ነበሩ ዛሬም ይታያሉ።

በስልክ ፎቶ ስናነሣ ብዙ ጊዜ ሳናይ እናልፋለን። እርሳስ ግን ቆም ብሎ ማየትን ይጠይቃል፤ ያየም ሰው «ተመስገን» የሚልበትን ያገኛል። ይህን ስንል የስደትን መከራ፣ የዕረፍት ደቂቃ የተነፈጉትንም እኅቶቻችንን ረስተን አይደለም። ነገር ግን መከራ ያለበት ቀንም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ቀን ነው። ንስሐም፣ ፍቅርም፣ ምስጋናም ሀገር እስክንገባ የሚቀመጡ አይደሉም።

እንግዲህ መሣል የምንችል እንሣል፤ የማንችልም ማምሻውን ፀሐይ ሀገራችን ወዳለችበት፣ ወደ ቀይ ባሕር ስትገባ ለአፍታ ቀና ብለን እንይ። ይህችንም ቀን ከዕድሜያችን ቆጥረን ሰጪዋን እናመስግን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።